ላይሰንሱስ መጣ፤ አሁን ስሚኝ

እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ ቆንጆ። ፈተናውን አለፍሽ፣ የስቴቱ ላይሰንስ እጅሽ ገባ፣ እናትሽም ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ምንም አልቀራት» እያለች ታወራለች። ተያት፣ ደስ ይበላት። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ምን እንደሚሠራ ለዘመድ የምታስረጂበት ገና ብዙ ሠርግና ብዙ ልቅሶ አለ። እኔ የፈለግሁሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። «ከእንግዲህ ደብተር አልነካም» ብለሻል አሉ። በዚህ ሙያ ደብተር የማይነካበት ጊዜ የለም፣ እህቴ። ግን ደብተር ሁሉ እኩል አይደለም፤ የትኛውን እንደምታነሺና የትኛውን እንደምትተዪ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የወረቀቱን ነገር እንገላገለው። ሁለት የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች አሉብሽ፤ አታምታቻቸው። አንደኛው ፈተናውን ያስፈተነሽ ብሔራዊ ቦርድ፣ ኤንቢኮት ነው። በየ3 ዓመቱ 36 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይጠይቅሻል፤ የእድሳቱ በር ማርች 31 ይዘጋል። ሁለተኛው የምትሠሪበት ስቴት ነው፤ እሱ የራሱ ቆጠራ አለው። ቨርጂኒያ በ2 ዓመት 20 ሰዓት ይላል፣ ካሊፎርኒያ በ2 ዓመት 24 ነጥብ። ከስምሽ ኋላ «ኦቲአር» ብለሽ የምትጽፊው የቦርዱ እድሳት ሲኖርሽ ነው፤ ታካሚ እንድትነኪ የሚፈቅድልሽ ግን ስቴቱ ነው። አንዱን አድሰሽ ሌላውን ረስተሽ በመጨረሻው ቀን ማታ እንዳትደውዪልኝ። እሺ፣ ደውዪ፤ ግን እቆጣለሁ።

ሰርተፊኬቱን በተሰጠሽ ቀን ፎቶ አንሺውና አንድ ቦታ አስቀምጪው። ሁለቱም አካላት በዕጣ እያወጡ «ማስረጃሽን አሳዪን» ይላሉ፤ ያን ዕለት የድሮ ኢሜይል ስትቆፍሪ ማየት አልፈልግም። ለነጥብ ብለሽም ገንዘብ አትበትኚ። ቦርዱ ራሱ በናቪጌተር ገጹ ላይ ለተመዘገቡት በነፃ የሚያቀርባቸው ራስን መፈተሻዎች ነጥብ ያስገኛሉ፤ ተማሪ ተቀብሎ ማሠልጠንም፣ ጥናት አዘጋጅቶ ማቅረብም እንዲሁ። አሠሪሽ ለኮርስ የሚመድበው ዓመታዊ ገንዘብ ካለም ጠይቂ። ይሉኝታሽን ለሠርግ ቤት አስቀምጪው፤ ያልጠየቅሽውን ማንም አምጥቶ አይሰጥሽም።

ለንደን ያለሽው ደግሞ በዚህ ቆጠራ አትደንግጪ። ያንቺው ተቆጣጣሪ፣ ኤችሲፒሲ፣ ሰዓት አይቆጥርም። በየ2 ዓመቱ ስትታደሺ ከሙያው አባላት 2.5 በመቶውን በዕጣ ያወጣና ምን እንደተማርሽ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱ ለታካሚዎችሽ ምን እንደጠቀመ ጽፈሽ እንድታሳዪ ይጠይቃል። እኔን ካልሽኝ ይሄኛው ይበልጣል፤ ሰዓት መቁጠርማ ግድግዳው ላይ ያለውም ይችላል።

ምክንያቱም ሰዓት ማሟላት እጅግ ቀላል ነው፤ መከራውም እሱ ነው። በጥቂት ዶላር ያልተገደበ ኮርስ የሚሰጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ቪዲዮውን ትከፍቺና ሽሮውን ታማስያለሽ፣ እግረ መንገድሽን ስልክ ታወሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ለጥያቄዎቹ መልስ ትገምቻለሽ፣ ሰርተፊኬቱ ይወጣል። አውቅሻለሁ እኮ! ሲደክምሽ አድርጊው፣ ሰው ነሽ። ብቻ «ተማርኩ» አትበዪኝ። ነርሲንግ ሆም እየሠራሽ ዛሬ ስለ ጨቅላ ሕፃናት አጠባብ፣ በሚቀጥለው ወር ስለ አሽከርካሪዎች ምዘና፣ ከዚያ ስለ ማሳጅ ከወሰድሽ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እጅሽ ላይ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ልማር? ካልሽኝ ታካሚሽን ጠይቂ። ኪስሽ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ያዢ። በሥራ ቀንሽ ያልመለስሽው፣ ዓይተሽ ግራ የተጋባሽበት፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» ተብለሽ ያልተዋጠልሽ ነገር ሲያጋጥም አንድ መስመር ጻፊ። ስም አትጻፊ፣ የክፍል ቁጥርም አትጻፊ፤ የሂፓን ሕግ ላስታውስሽ አልፈልግም። ጥያቄውን ብቻ። በወሩ መጨረሻ ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ምረጪ፤ የሚቀጥለው ኮርስሽ እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። እንበልና በስትሮክ የታመሙ የሀገርሽ እናት መጡልሽ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ እሳቸው ግን ፀጉራቸውን በግራ ያበጥራሉ፣ በሩን በግራ ይከፍታሉ፣ ሁሉን በግራ ለምደውታል። ገበታ ሲቀርብና ሰው ሲኖር ግን «ጠግቤያለሁ» ብለው ይነሳሉ። ነርሷ «የምግብ ፍላጎት ቀንሷል» ብላ መዝግባለች። በግራ እጅ እንጀራ ቆርሶ ከሰው ጋር መብላት ለሳቸው ምን እንደሆነ በዚያ ፎቅ ላይ የገባው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ጥያቄሽ እንግዲህ ይኸውልሽ፦ ያ ቀኝ እጅ ወደ ገበታው እንዲመለስ ምን ላድርግ?

አሁን ፐብሜድን ክፈቺ፤ በነፃ ነው። ደህናውን እጅ በጓንት ሸፍኖ የደከመውን ማሠራት የሚባለው፣ የኤድዋርድ ታውብ ሥራ የወለደው ሕክምና ይመጣልሻል። ኤክሳይት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተካተውበታል። ለ2 ሳምንት ጓንቱን አብዛኛውን የንቃት ሰዓታቸውን አድርገው በደከመው እጅ በተለማመዱት ወገን የታየው መሻሻል ከተለመደው አያያዝ በልጦ ከዓመት በኋላም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም በይ፣ የኔ እናት። ርዕሱንና መደምደሚያውን አንብቦ መሮጥ ያንቺ ዓይነት ሰው ሥራ አይደለም። ጥናቱ ውስጥ እነማን እንደገቡ እዪ፤ የእጃቸውን አንጓና ጣቶቻቸውን በጥቂቱም ቢሆን ወደ ላይ ማንሳት የሚችሉ ናቸው። ያንቺ ታካሚ መዳፋቸው ጨርሶ የማይዘረጋ ከሆነ ጥናቱ ስለሳቸው አልተናገረም። የሚችሉ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት? ዱላ የያዘውን ደህና እጅ ሸፍነሽ ብቻቸውን ወደ መጸዳጃ ቤት ቢነሱስ? ቤት ውስጥ ማን አብሯቸው አለ? ኢንሹራንሳቸው ስንት ቀን ፈቅዶላቸዋል? ጥናት የሚሰጥሽ ግማሹን ነው፤ ቀሪውን ከቤታቸው ታመጪዋለሽ።

ከመጀመርሽ በፊት ለኪያቸው፤ ስትጨርሺም ለኪያቸው። ካናዳውያን የሠሩት ኮፕም የተባለው መጠይቅ ሰውየው ራሱ የሚፈልገውን ሥራ አስመርጦ፣ አሁን እንዴት እንደሚሠራውና ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 10 ያስመዝነዋል። «እንጀራ በቀኝ እጄ መቁረስ» ብለው ሲጀመር 2 የሰጡ እናት ሲጨርሱ 5 ከሰጡ፣ ለሱፐርቫይዘርሽም ለኢንሹራንሱም ማሳየት የምትችይው ነገር ያዝሽ። ከዚህ አንድ ጥያቄ የተማርሽው ለአሥር ታካሚ ይበቃል፤ ሽሮ ላይ ከታየ ቪዲዮ ጋር አይወዳደርም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው አይወደውም። መማር ማለት መተውም ነው። የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 «በጥበብ ምረጡ» በሚለው ዘመቻ ውስጥ ተዉ ያላቸውን አምስት ነገሮች አውጥቷል። ዓላማ የሌለው ሥራ አታሠሩ፦ ኮን መደራረብ፣ ፔግ መሰካት፣ የእጅ ብስክሌት ማሽከርከር። የስሜት ሕዋሳት ችግር መኖሩ በምዘና ሳይረጋገጥ ልጅን በዚያ ዘዴ አታክሙ። የሙቀትና የኤሌክትሪክ መሣሪያን ከሥራ ጋር ሳታያይዙ ብቻውን አትጠቀሙ። በስትሮክ ለደከመ ትከሻ በገመድና በመዘውር ወደ ላይ የሚስበውን አትስጡ። የማስታወስና የማሰብ ልምምድንም ከኑሮው ሳታገናኙ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ አታድርጉ። አሁን ወደምትሠሪበት ጂም ግቢና መደርደሪያውን እዪው። ኮኑ አለ አይደል? ፔጉም አለ። መዘውሩም በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አዲስ ገቢ ነሽና ጦርነት አታውጂ፤ ያንቺን ታካሚ ብቻ ከኮኑ ወደ ሥራው አዙሪ። ውጤቱን ያዩት ራሳቸው መጥተው ይጠይቁሻል።

ለኛ ታካሚዎች ደግሞ ሥራው የቱ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ቡና ማፍላትን አስቢው እስቲ። መልቀም የጣት ቅልጥፍና ነው፣ መቁላት የሁለት እጅ ቅንጅትና የሙቀት ጥንቃቄ፣ ጀበና ማንሳት የአንጓ ጉልበት፣ ሲኒ ሳያፈስሱ መቅዳት የዓይንና የእጅ ስምምነት፣ ለማን መጀመሪያ እንደሚቀዳ ማስታወስ ደግሞ ማኅበራዊ አእምሮ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ፣ እንግዳ እያጫወቱ፣ ከአቦል እስከ በረካ። የትኛው የፔግ ሰሌዳ ነው ይህን የሚፈትነው?

ግን እዚሁ ላይ እውቀትሽን አትርሺ። የዳሌ መገጣጠሚያቸው በቅርቡ የተተካላቸውና ሐኪማቸው ዳሌያቸውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ ያዘዛቸው እናት በዚያች አጭር በርጩማ ላይ ከተቀመጡ አደጋ ነው። ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አውጪው፣ ወንበሩን ረጅም አድርጊው፣ ቄጠማው እንዳያዳልጣቸው ከእግራቸው ሥር ጥረጊው። ቤተ ክርስቲያን ስለ መስገድ፣ መስጊድ ስለ ሱጁድም ሳይጠይቁሽ አንሺላቸው፤ ፈረንጁ ቴራፒስት እንደሆነ አይጠይቃቸውም፣ እነሱም አይነግሩትም፤ ቤታቸው ሲገቡ ዝም ብለው ይሰግዳሉ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ ፈልጌ አላገኘሁም። አንቺ አዘጋጂው። ለመሥሪያ ቤትሽ የአንድ ሰዓት ገለጻ አድርጊው፣ ነጥብም ይያዝልሽ።

አማርኛሽ ግን ፈቃድ እንዳይመስልሽ። የማስታወስ ፈተናን፣ ሞካን የመሰለውን፣ በአፍሽ እየተረጎምሽ አትፈትኚ። ቃሉ ሲቀየር ክብደቱም ይቀየራል፤ ነጥቡም ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። ሞካ ለሚሰጠው ሰው ሥልጠናና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ እሱን ውሰጂ፣ ከዚያ በቋንቋቸው የተዘጋጀ ቅጂ እንዳለ አጣሪ። ከሌለ በሥራ እያየሽ መዝኛቸው፤ ደግሞ ያደረግሽውን በግልጽ ጻፊ።

ስለ ትልልቆቹ ማዕረጎች ባጭሩ። «ዶክትሬት ካልያዝሽ ወደፊት ሥራ የለም» የሚልሽ ሰው ወሬው አርጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2027 ጀምሮ ወደ ሙያው መግቢያው ዶክትሬት ብቻ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በ2019 ግን ውሳኔው ተሽሮ ማስተርሱም ዶክትሬቱም ሁለቱም መግቢያ ሆነው ቀሩ። ማስተማር ከፈለግሽ፣ ምርምር ከፈለግሽ፣ ተማሪው፤ እኔም እመርቅሻለሁ። ለስሙ ብለሽ በተማሪ ብድር ላይ ብድር እንዳትጨምሪ። የእጅ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን ካማረሽ ሌላ ነገር ነው፤ ለፈተናው ለመቀመጥ 3 ዓመት በሙያው መቆየትና በቀጥታ እጅ ሕክምና ላይ 4,000 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የምትመርጪው የሥራ ቦታ ያንን ሰዓት የሚሰጥሽ መሆኑን እዪ። ረዳት ቴራፒስት የሆንሽው እህቴም፣ ቀን እየሠራሽ ወደ ማስተርስ የሚያሻግሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ልጆቹ እስኪያድጉ እያልሽ አታራዝሚው፣ ልጅ አድጎ አያልቅም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ተማሪ። «እኔ ቴራፒስት ነኝ፣ ሒሳቡ ምን አገባኝ» አትበዪኝ። ሜዲኬር እስከ 2019 ድረስ ነርሲንግ ሆሞችን የሚከፍላቸው በዋናነት በቴራፒ ደቂቃ ነበር፤ ከኦክቶበር 1፣ 2019 ጀምሮ ግን በታካሚው ሁኔታ መክፈል ጀመረ። ያኔ በብዙ ቦታ የቴራፒስቶች ሰዓት ተቆረጠ፤ ያልተዘጋጀው ደነገጠ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በሜዲኬር ፓርት ቢ ረዳት ቴራፒስት ለሰጠው አገልግሎት የሚከፈለው ከመደበኛው ክፍያ 85 በመቶ ሆነ። እነዚህን የሚያውቅ ሰው አለቃው ለምን ፊቱን እንዳጠቆረ ይገባዋል፤ ሲከራከርም ባዶ እጁን አይከራከርም። አንድ ወረቀት ልጠቁምሽ፦ በ2016 ገደማ የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት የሆስፒታሎችን ወጪ በየዘርፉ አይቶ፣ በልብ ድካም፣ በልብ ድንገተኛ ሕመምና በሳንባ ምች ታክመው ከወጡ ሰዎች ዳግም ተመልሶ መተኛትን ከመቀነስ ጋር በሦስቱም የተያያዘው ለኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚወጣው ገንዘብ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ተያያዘ ማለት አስከተለ ማለት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ስብሰባ ላይ አጋንነሽ እንዳታሳፍሪኝ።

ብቻሽን አትማሪ። በየከተማው ተበታትነን ያለን ጥቂቶች ነን፤ አራት አምስት ሆናችሁ የንባብ እቁብ ጣሉ። በወር አንድ ሰው ዕጣ ይደርሰዋል፤ አንድ ጽሑፍ አንብቦ፣ አንድ ስም የሌለው ታካሚ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይጠይቀዋል። ሰብሳቢዋ ጨካኝ ትሁን፤ ያላነበበ ምግብ አምጥቶ እንዳያመልጥ። ከእቁቡ ሌላ ደግሞ አንድ የማትስማሚያት አሮጊት ቴራፒስት ያዢ፤ የምታመሰግንሽ ሳትሆን «ለምን?» የምትልሽ። ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላም ተማሪ ተቀበዪ። በ24 ሳምንቱ የመስክ ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ የማይጠይቀው የለም፤ መልስ ያጣሽበትን ሁሉ ማታ ታነቢዋለሽ።

ደግሞ ተኚ። ቀን ሆስፒታል፣ ማታ የቤት ለቤት፣ ቅዳሜና እሁድ በጥሪ የምትሠሪው ልጅ፣ ላንቺ ነው የምለው። ቤት መግዛቱ ይደርሳል። በዚያ ድካም ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ጭንቅላት አይገባም፤ የደከመ ቴራፒስት ደግሞ ኮኑን አንስቶ ይሰጣል፣ ማሰብ አይጠይቀውማ። ከሦስቱ አንዱን ጣዪ። የትኛውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ስታነቢ ፊትሽ የመጣው ነው።

አገር ቤት ስለመርዳትም እንደምታስቢ አውቃለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ትብብር ኦኩፔሽናል ቴራፒን በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማርንም ይዟል። ስለዚህ ሻንጣ ሙሉ ቬልክሮና ፕላስቲክ ይዘሽ ለሁለት ሳምንት ሄደሽ ፎቶ ተነስተሽ እንዳትመለሺ። መጀመሪያ ጻፊላቸውና ምን እንደጎደላቸው ጠይቂ። በቪዲዮ የምትሰጪው የአንድ ምዕራፍ ትምህርት፣ የምታርሚው የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ከሻንጣው ሊበልጥ ይችላል። አንቺም ትማሪያለሽ፤ ዊልቸር በማይገባበት ቀበሌ፣ ስፕሊንት የሚሠራበት ፕላስቲክ በሌለበት ክሊኒክ የሚሠራ ሰው የሚያመጣው ዘዴ እዚህ ባለው ካታሎግ ውስጥ የለም። ቀጠሮ ስትይዢ ብቻ የሰዓቱን ልዩነት አስቢ፤ አንቺ ራትሽን ስትበዪ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ መምህሩን እንዳትቀሰቅሺብኝ።